ከስትሮክ በኋላ ቁጥርና ፊደል ሲጠፋ፦ ቤት ውስጥ እንዴት እንለየው፣ እንዴትስ እንርዳ?

አጎቴ ከሆስፒታል የወጡ ሰሞን ቤታችን ዓመት በዓል ይመስል ነበር። አፋቸው ተስተካክሏል፣ ቀኝ እጃቸው ይንቀሳቀሳል፣ ከዘራቸውን ይዘው ግቢ ውስጥ ይዞራሉ። "እንኳን ለዚህ አበቃዎት" ሳይል የወጣ ጎረቤት አልነበረም። ያከማቸው ሐኪምም "በደንብ ድነዋል" ብሎ ነው የሸኘን።

በሦስተኛው ሳምንት ሱቃቸውን ከፈቱ። ዕቃ ልደረድርላቸው አብሬያቸው ነበርኩ። አንድ ልጅ የ65 ብር ሳሙና ገዛና 200 ብር ሰጣቸው። ተቀበሉት፣ መሳቢያውን ሳቡ፣ ከዚያ ቆም አሉ። አንድ መቶ ብር አወጡ፣ መለሱት። ሁለት አስር አወጡ፣ አዩት፣ አንድ ሃምሳ ጨመሩበት፣ እንደገና አዩት። በመጨረሻ እፍኝ ሙሉ ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው "አንተው መልስህን አንሳ" አሉት። ዕድሜ ልካቸውን ሱቅ የሠሩ፣ ሂሳብ በጭንቅላታቸው የሚያወራርዱ ሰው ናቸው።

ቤት ውስጥ የተባለውን ልንገራችሁ። "እርጅና ነው" ተባለ። "ሐሳብ በዝቶባቸው ነው" ተባለ። አንድ ዘመድ እንዲያውም ዕዳ እንዳይጠየቁ አውቀው ነው ብሎ ጠረጠራቸው። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም የተጎዳው ጠባያቸው አይደለም፣ ከግራ ጆሯቸው በላይ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ ያለ ትንሽ የአንጎል ክፍል ነው። ያንን ያወቅነው ከወራት በኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ነው። እናንተ ያን ያህል እንዳትዘገዩ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው

አንጉላር ጋይረስ ይባላል። ጣታችሁን ከግራ ጆሯችሁ ጫፍ በላይ አድርጋችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ብታስኬዱት፣ በግምት ከዚያ አጥንት ሥር ነው። የአንጎል ካርታ የሚያነቡ ሰዎች "39 ቁጥር" ይሉታል። እንደ መስቀለኛ መንገድ አስቡት። ከኋላ ዓይን ያየው ይመጣል፣ ከጎን ጆሮ የሰማው ይመጣል፣ ከላይ ደግሞ እጅና እግራችን የት እንዳሉ የሚናገረው ስሜት ይመጣል። "ለ" የምትባለው ቅርጽ "ለ" ከሚለው ድምፅ ጋር የምትገናኘው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። "ሰባት" የሚለው ቃል፣ 7 የሚለው ምልክትና ሰባት ብርቱካን እንዲሁ።

ቋንቋ በአብዛኛው ሰው ላይ የግራ አንጎል ሥራ ነው። ቀኝ እጃቸውን ከሚጠቀሙት ውስጥ ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት እንደዚያ ናቸው፣ ግራኞችም ቢሆኑ ብዙዎቹ። ስለዚህ በቀኝ በኩል እጅ ወይም እግር የሰነፈበት ሰው (የግራ አንጎል ቀኝ ጎንን ነውና የሚያዘው) ፊደሉና ቁጥሩም መታየት አለበት።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1891 ዡል ደጀሪን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም፣ ድንገት ማንበብም መጻፍም ያቃተውን ሰው ታሪክ ጻፈ፤ ሰውየው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲታይ ጉዳቱ እዚሁ ቦታ ላይ ነበር። በ1924 ደግሞ ቪየና ውስጥ ዮዜፍ ጌርስትማን የገዛ ጣቶቿን መለየት ያቃታትን ሴት ገለጸ። በኋላ አራት ነገሮችን አንድ ላይ አሰረ፤ ጣት አለመለየት፣ ቀኝና ግራ መምታታት፣ መጻፍ አለመቻልና ሂሳብ መጥፋት። ዛሬ የጌርስትማን ሲንድሮም ይባላል። አራቱ ሁልጊዜ አብረው አይመጡም፣ እንዲያውም "እንዲህ ያለ አንድ ሕመም የለም" ብለው የተከራከሩ ሐኪሞች አሉ። ለእኛ ለቤተሰቦች ክርክሩ ብዙ አይጠቅመንም። የሚጠቅመን አንዱን ስናይ ሌሎቹን መፈተሽ እንዳለብን ማወቁ ነው።

ድንገት ከሆነ አትፈትኑ፣ ሩጡ

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ታክመው ለወጡና ለተረጋጉ ሰዎች ነው። ሰው ድንገት አፉ ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከወደቀ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ወይም ደህና የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ማንበብና መቁጠር ካቃተው፣ ስትሮክ ነው ብላችሁ ውሰዱት። አዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ በመጨረሻ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ጻፉ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ጠበል የምትወስዱ ከሆነ ከሆስፒታሉ በኋላ ይሁን፤ ጠበሉ ነገም አለ፣ ሰዓቱ ግን የለም።

እንዴት እናያለን

ቡና ሲፈላ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ጠዋት ላይ ቢሆን ይመረጣል። ከስትሮክ በኋላ ድካም ከባድ ነው፣ ማታ ላይ ደህና ሰውም ይሳሳታል። የልጅ ልጆች ፊት ፈጽሞ አታድርጉት። አባት ወይም እናት "ጣትዎን ያሳዩኝ" ተብለው ሲሳሳቱ ልጅ ቢስቅ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አያሳይዋችሁም።

መጀመሪያ ቃል ይገባቸው እንደሆነ እዩ። "ዓይንዎን ይጨፍኑ"፣ "ሲኒውን ያቀብሉኝ"። ይህ ካልገባቸው ችግሩ ከዚህ የሰፋ የቋንቋ ጉዳት ሊሆን ይችላልና ሌላውን ፈተና ተዉት።

ከዚያ ጣት። ሁለቱንም እጆች ጠረጴዛ ላይ አስደርጉና "ሌባ ጣትዎን ያሳዩኝ፣ የቀለበት ጣትዎን፣ አውራ ጣትዎን" በሉ። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ብዙ ጊዜ አይጠፉም፤ የሚምታቱት መካከለኞቹ ሦስቱ ናቸው። ስሙ ብቻ ጠፍቷቸው እንዳይሆን ሌላም ሞክሩ። ዓይናቸውን አስጨፍናችሁ አንድ ጣታቸውን ንኩ፣ ዓይናቸውን ሲገልጡ ያንኑ ጣት በእናንተ እጅ ላይ ያሳዩ። ቀኝ እጃቸው ከደነዘዘ ይህንን በግራው አድርጉት፤ ይህ ጉዳት ሲኖር የሚምታታው የሁለቱም እጅ ጣት ነው።

ቀኝና ግራ። "ግራ እጅዎን ያንሱ" ቀላል ነው። "በግራ እጅዎ ቀኝ ጆሮዎን ይንኩ" ሲባል ነው የሚታወቀው። ፊት ለፊታችሁ ቁጭ ብለው "የኔ ቀኝ እጅ የቱ ነው?" በሏቸው። ይሄ ጤነኛ ሰውንም ትንሽ ያዘገያል፣ ስለዚህ መዘግየቱን ሳይሆን መሳሳቱን ቁጠሩ። በቋንቋችን "ግራ ገባኝ" እንላለን፤ አጎቴ ግን በእውነት ነበር ግራ የገባቸው፣ ሽንት ቤት ለመሄድ በገዛ ቤታቸው ኮሪደር ላይ ቆመው "በየት በኩል ነው የምታጠፈው?" ብለውኛል።

መጻፍ። ስምና ፊርማ ማስጻፍ አይበቃም፣ እሱን እጅ ለብቻው ያውቀዋል። ዓረፍተ ነገር በቃል ንገሯቸው፤ "ዛሬ ጠዋት ገበያ ሄድኩ" ዓይነት። አጎቴ "ዛረ ጠወ" ብለው ጽፈው እስክሪብቶውን አስቀመጡ። የፊደሉ ቤት (ግዕዝ፣ ካዕብ የሚባለው) ነበር የሚጠፋቸው፤ "ለ" መሆኑን ያውቃሉ፣ "ለ" ይሁን "ላ" ይሁን "ሌ" ግን አይለዩም። ያንኑ ዓረፍተ ነገር እኔ ጽፌ ሳሳያቸው ገለበጡት። መገልበጥ እየቻሉ ከራስ መጻፍ አለመቻል ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው፣ ስለዚህ ወረቀቱን አትጣሉ፣ ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ማንበብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በግራ አንጎል የኋላ ክፍል ጉዳት የደረሰበት ሰው በቀኝ በኩል ያለውን ነገር ላያይ ይችላል፣ በሁለቱም ዓይኑ። የኛ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ የቃሉን መጨረሻ ይተዋል፣ ወይም እየገመተ ይሞላዋል። ሳህን ላይ በቀኝ በኩል ያለውን ወጥ ሳይነኩ ከተነሡ፣ የበር መቃን በቀኝ ትከሻቸው ከመቱ፣ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩት።

አሁን ቁጥር፤ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከ1 እስከ 20 መቁጠር ብዙ አይነግራችሁም፣ እንደ ዘፈን ይወርዳልና። ከ20 ወደ 1 ይቁጠሩ። ጠረጴዛ ላይ የተበተነ ባቄላ ይቁጠሩ፤ አንዱን ሁለት ጊዜ ይቆጥራሉ ወይ? 68ና 86 ጻፉና የሚበልጠውን ይጠቁሙ። "ሦስት ሺህ አምስት ብለው ይጻፉ" በሏቸው፤ 30005 ካሉ ዜሮው ቦታውን አጥቷል ማለት ነው። ከዚያ አንድ ማባዛትና አንድ መቀነስ፤ 7 ሲባዛ በ6፣ ከ13 ላይ 5።

ማባዛትና መቀነስን የለየሁት በምክንያት ነው። የማባዛት ሰንጠረዥን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃል ነው የያዝነው። "ሰባት ስድስት" ሲባል "አርባ ሁለት" የሚለው እንደ ቃል ይመጣል፣ እዚያ ላይ የግራው አንጉላር ጋይረስ ትልቅ ድርሻ አለው። መቀነስ ግን ብዛትን ማመዛዘን ይፈልጋል፤ ያ በአጠገቡ ያለው ኢንትራፓራይታል ሰልከስ የሚባል የአንጎል እጥፋት ሥራ ነው። አንዱ ተርፎ ሌላው የጠፋባቸው ሕሙማን አሉ። ስለዚህ አንዱን ፈትናችሁ "ሂሳባቸው ደህና ነው" አትበሉ።

ትምህርት ቤት ያልገቡ እናት ከሆኑስ? ፊደልና ማባዛት አትጠይቋቸው። መለኪያችሁ የትናንቱ እርሳቸው ናቸው። የዕቁብ ተራ ያሰሉ ነበር? የፍልሰታን ቀን ይቆጥሩ ነበር? ለአምስት እንግዳ ስንት ሲኒ እንደሚወጣ ያውቁ ነበር? እሱን እዩ።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ይህን አስታውሱ። ሰው የማባዛት ሰንጠረዥን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ በተማረበት ቋንቋ ነው። በአማርኛ የተማሩ አባት በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ተፈትነው ቢወድቁ ውጤቱ አይታመንም። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ የፈተናው ቁጥርም በአማርኛ ይነገራቸው። ሰዓት ከተጠየቁ የኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት እንደሚለይ ለቴራፒስቱ ቀድማችሁ ንገሩት። የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ 2 ሰዓት የሚለውን "8 ሰዓት" ያሉት እናት አልተሳሳቱም።

መድኃኒትና ገንዘብ ጊዜ አይሰጡም

ቁጥር የጠፋበት ሰው መድኃኒቱንም ይሳሳታል። "ጠዋት አንድ፣ ማታ ግማሽ" የሚለው ለእኛ ቀላል ነው። ለአጎቴ ግን አልነበረም፤ የግፊት መድኃኒታቸውን ፍሬ ስቆጥር መቅረት ከሚገባው በታች ሆኖ አገኘሁት። የሰባት ቀን ክፍል ያለው የመድኃኒት ሳጥን ግዙ፣ ካጣችሁ ሰባት ትንንሽ ፖስታ ይበቃል። በሳምንት አንድ ጊዜ እናንተ ሙሉት። በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህን ለነገ አትበሉ።

ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ላይ አንድ ዜሮ መጨመር ቀላል ነው። ስልካቸውን ተደብቃችሁ አትውሰዱባቸው፣ ያዋርዳል። ተነጋገሩ። ብር ሲልኩ የሚስጥር ቁጥራቸውን ከማስገባታቸው በፊት መጠኑን ጮክ ብለው ለአንድ ሰው ያንብቡ። ስልኩ ላይ ያለው ሂሳብ የሳምንት ወጪ ብቻ ይሁን። መኪና መንዳት ደግሞ ሐኪም እስኪፈቅድ አይታሰብም።

እንዴት እንረዳለን

የተረፈውን ይዛችሁ ተነሡ። አጎቴ መቀነስ ቢጠፋቸውም ወደ ላይ መቁጠር ግን አልጠፋቸውም ነበር። ስለዚህ የንግግር ቴራፒስቷ 65ን ከ200 መቀነሱን ትታ፣ መልሱን ወደ ላይ እየቆጠሩ እንዲሰጡ አሳየቻቸው። ሳሙናውን ያስቀምጡና "65" ይላሉ። አምስት ብር ያኖራሉ፣ "70"። አንድ አስር፣ "80"፤ ሌላ አስር፣ "90"፤ ሌላ አስር፣ "መቶ"። ከዚያ አንድ መቶ፣ "ሁለት መቶ"። ጠረጴዛው ላይ 135 ብር ተቀምጧል፣ ማንም ምንም አልቀነሰም። መጀመሪያ የሠሩት ቀን እንደገና ከመጀመሪያው ሠሩት፣ ከዚያም ሦስተኛ ጊዜ። መሳቢያቸውን በየብሩ ዓይነት ከፋፈልንላቸው፣ ከቁጥሩ ይልቅ በቀለሙ እንዲያውቁት።

ልምምዱ አጭር ይሁን፤ 15 ደቂቃ፣ በየቀኑ፣ ያው ነገር ተደጋግሞ። አንጎልን በምስል ያዩ ተመራማሪዎች፣ ሰው አንድን የማባዛት ጥያቄ ደጋግሞ ሲለማመድ ሥራው ከማመዛዘኛው እጥፋት ወደ ግራው አንጉላር ጋይረስ እንደሚዞር አይተዋል። ማለትም መደጋገም እንዲያው ልማድ ብቻ ሳይሆን ነገሩን ሌላ መንገድ ያስይዘዋል። ለውጡ ፈጥኖ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፣ ከዚያ በኋላም ግን አይቆምም።

ለመጻፍ ከመገልበጥ ጀምሩ። ከዚያ አንድ ፊደል የጎደለው ቃል ስጧቸው፣ "ገ_ያ"። ከዚያ የሱቅ ዝርዝር፣ ሦስት ዕቃ ብቻ። እስከዚያው በቴሌግራም ድምፅ ይላኩ፣ ስልኩ ላይ ከስም ይልቅ የሰዎቹን ፎቶ አድርጉላቸው። ለግራና ቀኝ ሰዓታቸውን ሁልጊዜ ግራ እጃቸው ላይ ያድርጉና "በሰዓቱ በኩል ይታጠፉ" በሏቸው። ካልኩሌተር ይፍቀዱላቸው፤ ግን የነኩትን ቁጥር ከስክሪኑ ላይ አንብበው ነው መደመር ያለባቸው።

ሲሳሳቱ "ይሄ እንኳን ይጠፋዎታል?" አትበሉ። ይጠፋቸዋል። ጉዳቱ እሱ ነው።

ስትሮክ ሳይኖር ቀስ እያለ ከመጣ

50ዎቹ ወይም 60ዎቹ ውስጥ ያለ ሰው በወራትና በዓመታት ውስጥ መስመር እየዘለለ ማንበብ፣ ሂሳብ መሳት፣ ደረጃ ላይ መደናገር ከጀመረ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው መነጽር መቀየር ነው። ሁለተኛ መነጽር፣ ሦስተኛ መነጽር። የዓይን ሐኪሙ "ዓይንዎ ደህና ነው" ካለ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የአንጎል የኋላ ክፍል ቀስ በቀስ የሚመነምንበት፣ ብዙ ጊዜ ከአልዛይመር የሚመጣ ሕመም አለ። የማስታወስ ችሎታ መጀመሪያ ላይ ደህና ስለሚሆን ቤተሰብ አይጠረጥረውም።

ልጆችስ?

ልጅ ላይ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ዲስካልኩሊያ (ቁጥርና ሂሳብ የመማር ችግር) ያለበት ልጅ የተጎዳ አንጎል የለውም፣ ቁጥርን የሚይዘው መረብ ገና ሲያድግ በሌላ መልክ ነው የተሠራው። ከ100 ልጆች አምስት ያህሉ እንዲህ ናቸው፣ ብዙዎቹም ዲስሌክሲያ (ማንበብ የመማር ችግር) አብሮ አለባቸው። አራተኛ ክፍል ደርሶ 6 ሲደመር 3ን ከ1 ጀምሮ በጣት የሚቆጥር፣ ሦስት ከረሜላ አይቶ ሳይቆጥር "ሦስት" የማይል፣ ትናንት የያዘውን ማባዛት ዛሬ የሚያጣ ልጅ ሰነፍ አይደለም። በዱላ የሚመጣ ቁጥር የለም።

ጣቱን አትከልክሉት። የትንንሽ ልጆች የጣት ስሜት ከኋላው የሂሳብ ችሎታቸው ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች አሳይተዋል። ገበጣ አጫውቱት፤ ጠጠር በጉድጓድ እየጣለ መቁጠር ነው ሥራው፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ስንት እንዳለም በዓይኑ መመዘን ይለምዳል። ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወት ቁጥሮቹን መሬት ላይ በቅደም ተከተል ጻፉለትና ወደፊትም ወደኋላም ይዝለል። ገበያ ውሰዱት፣ ቲማቲሙን እሱ ይቁጠር። ቤት ያለውን ሞክራችሁ ለውጥ ካጣችሁ የልጆች ሐኪም ወይም የልዩ ፍላጎት መምህር ያግኙት፣ ዓይኑና ጆሮው ግን መጀመሪያ ይታይ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ

አንድ ደብተር ያዙ። የጻፉበትን ወረቀት፣ የሳቱትን ጣት፣ 30005 ያሉበትን ቀን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ ከሕመሙ በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር። "ትንሽ ይረሳሉ" ብቻ ብትሉ ሐኪሙ ስለ ትዝታ ይጠይቃችኋል፣ ሰዓቱም ያልቃል። እንዲህ በሉት፤ "መልስ መስጠት አይችሉም፣ ከስትሮኩ በፊት ይችሉ ነበር፣ ቀኝና ግራም ይምታታባቸዋል።" የሲቲ ስካን ወይም የኤምአርአይ ፊልሙ ካለ ውሰዱት፣ ጉዳቱ በግራ የፓራይታል ክፍል (አንጉላር ጋይረስ ያለበት) ላይ እንደሆነም ጠይቁ። ወደ ንግግር ቴራፒስት ወይም ወደ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (የዕለት ተዕለት ሥራን መልሶ የሚያለማምድ ባለሙያ) እንዲልካችሁ በግልጽ ጠይቁት። እኛ ያልጠየቅነው ያንን ነበር።